ለአንድ ሰው የሚበዛ አንሶላ

ሰውየው ሲናገር ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሹክሹክታ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለት ሥራው ነው። ከአሮጌው ቴአትር ቤት መድረክ በስተግራ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ትንሽ አምፖል ከራሱ በላይ አንጠልጥሎ፣ ጽሑፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ተመልካች ሳይሰማ ሹክ ይለዋል። በሥራው ቋንቋ አስታዋሽ ይባላል። ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፊደል ሲለቅም ኖሮ ዓይኑ ሲደክምበት ወደ ቴአትር ቤቱ ዞረ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው አንድ ክፍል ቤትና አንድ ጃንጥላ ነው።

አስታዋሽ አንድ ሕግ አለው። ተዋናይ ዝም ሲል በልቡ እስከ ሦስት ይቆጥራል። አንድ ሲል፣ ምናልባት ትንፋሽ እየሳበ ይሆናል። ሁለት ሲል፣ ምናልባት አስቦበት ይሆናል። ሦስት ላይ ከደረሰ ግን ሰውየው ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል፤ ገመድ ይወረወርለታል። ሹክሹክታ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ሕግ የጣሰው አንድ ቀን ብቻ ነው። የጣሰውም በማን ላይ ቢሉ፣ በእትዬ ላይ።

እትዬ ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ከሥራ አስኪያጁ እስከ በር ጠባቂው በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም እትዬ ናት። በዚህ ተውኔት ውስጥ እናት ሆና ትጫወታለች። ልጇ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ከሄደበት ይመለሳል፤ በሁለተኛው ገቢር እሷ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ሳለ፣ «አባቴ ሲሞት ስሜን ጠርቶ ነበር?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም፣ «ጠርቶህ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠርቶህ ነበር» ብላ ትጀምርና አንድ ገጽ ሙሉ ትናገራለች። የተውኔቱ ልብ ያ ንግግር ነው። ያው ንግግር በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛውም ሳምንት አንድ ጊዜ ጠፍቶባታል። ሁለቱንም ጊዜ ሹክሹክታ አቀብሎ አድኗታል፤ አዘጋጁ ግን የድመት ጆሮ አለውና ሰምቷል።

በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ጠራት። በዕድሜ ልጇ ይሆናል፤ አክባሪ ሰው ነው።

«እትዬ፣ እርስዎን ሁላችንም እናከብራለን» አላት። «ግን አንድ ጊዜ ደግሞ ቃል ከጠፋብዎ ሚናውን ለሚጢጢ ለመስጠት እገደዳለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሚጢጢ ተጠባባቂዋ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የእናትየውን ሽበት የምታመጣው በዱቄት ነው።

እትዬ ያን ቀን ለሹክሹክታ፣ «ሰው ‹አንቺ› እያለ ቢያባርርህ በር ወርውረህ ትወጣለህ። ‹እርስዎ› እያለ ሲያባርርህ ግን በሩን እንኳ ቀስ አድርገህ ነው የምትዘጋው» አለችውና ሳቀች። እሱ አልሳቀም። አርባ ዓመት መድረክ ላይ የቆመች ሴት ሚናዋን ስትነጠቅ የምትሄደው ወደ ቤቷ ነው፤ ቤቷ ደግሞ ማንም እንደሌለ ያውቃል።

ያ እሑድ መጣ። ትርኢቱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አዳራሹ ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ልጁ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶትም እስካሁን ጎረምሳው የሚሉት፣ ጥያቄውን ጠየቀ። እትዬ አልመለሰችም።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ቃሉ ሹክሹክታ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። «ጠርቶህ ነበር» ማለት ብቻ ነው። ግን እጆቿ ሥራቸውን አላቆሙም። ፊቷ ሰው የለቀቀው ቤት መስሎ ሳለ እጆቿ ብቻ አንድ ነገር እየፈለጉ፣ እያገኙ፣ እየሳቡ ነበር። ሹክሹክታ እነዚያን እጆች ሲያይ ጽሑፉም ቁጥሩም ከራሱ ጠፋ። ትኬት ቆርጦ እንደገባ ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ልብ ሲል እትዬ በራሷ ጊዜ «ጠርቶህ ነበር» ብላ ጀምራለች፤ እስከ መጨረሻውም አንድ ቃል ሳታዛንፍ ተወጣችው።

መጋረጃው እንደተዘጋ አዘጋጁ ማንንም ሳያናግር ወጥቶ ሄደ። እትዬ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሻሿን እየፈታች፣ «በቃ፣ አለቀልኝ እኮ» አለች። «ለምን አላቀበልከኝም?» ብላ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። አልጠየቀችውም። ሰኞና ማክሰኞ ቴአትር ቤቱ ዝግ ነው፤ ሹክሹክታ ሁለቱን ቀን አንድ ክፍል ቤቱ ውስጥ ራሱን ሲከስስ፣ ሲፈርድበት፣ ይግባኝ ሲጠይቅ፣ ይግባኙንም ውድቅ ሲያደርግ ዋለ።

ረቡዕ ጠዋት ጋዜጣው ወጣ።

በጋዜጣው ላይ ስለ ቴአትር የሚጽፈውን ሐያሲ የሙያው ሰዎች ሰባተኛው ረድፍ ይሉታል፤ ሁልጊዜ ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር፣ ኮቱን ሳያወልቅ ነው የሚቀመጠው። አይስቅም፣ አያጨበጭብም፣ ሲያልቅ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ይወጣል። ባለፈው እሑድ ገብቶ እንደነበር ያወቀ አልነበረም።

ሻይ ክፍሉ ውስጥ አንድ ጋዜጣ፣ ስድስት ራስ። ሰው ስለ ሥራው የተጻፈ ሒስ ሲያገኝ፣ የማኅበር ፎቶ እንደሚያይ ሰው፣ መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን ነው። ጎረምሳው «ልጁ ይጮኻል፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው» የምትለውን መስመር አገኘና ደሙ ፈላ።

«እኔ ነኝ የምጮኸው?» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ በፍጹም!» አለ የመድረክ ዕቃ ኃላፊው፣ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ። ይህን ሰው መጋዘን ይሉታል፤ የተሰበረ ስልክም፣ የንጉሥ ዙፋንም፣ የውሸት ጥርስም ብትጠይቀው ከአንድ ጥግ ቆፍሮ ያወጣልሃል።

አዘጋጁ ጋዜጣውን ተቀበላቸው። ዓይኑ የመጀመሪያው ገቢር ረዝሟል የሚለውን ዘለለ፣ መብራቱ ያለ ምክንያት ይለዋወጣል የሚለውንም ዘለለ፣ ቁልቁል ወርዶ የመጨረሻው መስመር ላይ ተተከለ።

«‹ከዚያ ዝምታ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ትርፍ ነው›» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «ሰምታችኋል? ዝምታ! በዚህ ሰው ብዕር እንዲህ የተመሰገነ ማን አለ?»

ከዚያ ቀና ብሎ እትዬን አያት። ዝምታው ከየት እንደመጣ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

«እትዬ፣» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሚናው ለጊዜው የእርስዎ ነው። ግን በመጪው እሑድ ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹን ይዞ ይመጣል። ጋዜጣውን አንብበው ነው የሚመጡት። ያንን ነገር ይድገሙልኝ።»

«የቱን ነገር?»

«ዝምታውን።»

«ረስቼ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ይርሱ።»

«አውቆ እንዴት ይረሳል? እስኪ አንተ አውቀህ አንድ ነገር ርሳልኝና ልይ!»

መጋዘን፣ «እኔ የሚስቴን ትእዛዝ አውቄ እረሳለሁ» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ሹክሹክታም ከእነሱ አልተሻለም። ጋዜጣው እጁ ሲደርስ «አስታዋሹ ተኝቶ ነበር» የሚል መስመር ፍለጋ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ጠረገውና፣ ሲያጣው እፎይ ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሐሙስ ልምምድ ሆነ። አዘጋጁ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው አለ፤ እሑድ ዕለት በልቡ ለክቶት ኖሯል። ጎረምሳው ጠየቀ። እትዬ ዝም አለች። ከቅርጫቱ አንድ ፎጣ አንስታ አጠፈች። በአምስት ሰከንድ አለቀ። ሁለተኛ ፎጣ አነሳች፣ አጠፈች፣ ከመጀመሪያው ላይ ደረበች፣ ቆመች። እጆቿ ሥራ ፈትተው እንደ እንግዳ ሰው ጎንና ጎኗ ተንጠለጠሉ።

«አሥራ አንድ…» አለ አዘጋጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አትቁጠርብኝ!»

«ይቅርታ። ይቀጥሉ።»

«ምኑን ልቀጥል? ዝም ማለትን?»

አራት ጊዜ ሞከሩት። በአራተኛው ላይ ጎረምሳው አዛጋ። አዘጋጁ ሰዓቱን እጁ ላይ እየመለሰ፣ «እስከ ቅዳሜ ካልመጣ ሚጢጢን እናያለን። ቢያንስ እሷ ዝም በይ ስትባል ዝም ትላለች» አለ።

«ሚጢጢ? ዝም?» አለ መጋዘን። ሚጢጢ ራሷ ከወደኋላ፣ «ኧረ እኔ በጭራሽ! ዝም ስል እንቅልፍ ነው የሚወስደኝ፣ ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመቴ የዚህን ግዙፍ ሰው እናት ሁኚ ስትሉኝ ለእኔም እኮ…» ብላ ጀመረች፤ እስክትጨርስ የጠበቃት የለም።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ሹክሹክታ አዳራሹ ውስጥ እትዬን አገኛት። የጎን በሩ ተከፍቶ ፀሐይ ባዶ ወንበሮቹ ላይ ተኝታለች። እሷ ሰባተኛው ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር ተቀምጣ መድረኩን ታያለች።

«ከዚህ ሆኖ ምን እንደታየው ልይ ብዬ ነው» አለችው። «ምንም አይታየኝም። ና ተቀመጥ። ያ ጋዜጣ አለህ? መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። ይኸው፣ ይህንንም ረሳሁ፤ ለአዘጋጁ ንገርለት፣ ይደሰታል።»

«ገና አላነበብሽውም?»

«ሰው ሲያወራው ሰማሁ እንጂ መቼ አነበብኩት! አንተስ?»

ሹክሹክታ እጁን ኪሱ ከተተ። ሃያ ዓመት አራሚ የነበረ ሰው፣ በፊደል እንጀራ የበላ ሰው፣ ጋዜጣውን ሦስት ቀን ኪሱ ይዞ ዞሮ አላነበበውም። አፈረ። ጋዜጣውን አወጣ፣ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ እንደ ድሮው የደረት ኪሱ ውስጥ የማትጠፋውን ትንሽ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አስቀመጠ። አራሚ አይሮጥም፤ አንድ መስመር ሳይጨርስ ሁለተኛውን አያይም። ስለ ሁለተኛው ገቢር የተጻፈው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«‹በሁለተኛው ገቢር ልጁ፣ አባቱ ሲሞት ስሙን ጠርቶ እንደሆነ ይጠይቃል። እናትየው አትመልስም። የያዘችው አንሶላ ለአንድ ሰው ይበዛል። ሁለት ጊዜ ብቻዋን ልታጥፈው ትሞክራለች፤ ሁለት ጊዜ ጫፉ መሬት ይነካባታል። ከዚያ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ፣ ሳታየው፣ ለልጇ ትዘረጋለታለች። ልጁ ይይዛል፤ ምን እንደሚያደርግበት ግን አያውቅም። አሥራ አራት ዓመት ከማንም ጋር አንሶላ አላጠፈም። እሷ ትስባለች፣ እሱ ይለቃል፤ እሱ ይስባል፣ እሷ ትጠብቀዋለች። አንሶላው እያጠረ እነሱ ይቀራረባሉ። ጫፍ ከጫፍ ሲገጥም እጁ እጇን ይነካል። ያኔ ትናገራለች። ከዚያ ዝምታ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ትርፍ ነው።›»

እትዬ አንገቷን ወደ ጋዜጣው አስጠጋች።

«የምን አንሶላ?» አለች።

«ያጠፍሽው።»

«እኔ የማጥፈው ፎጣ ነው።»

«ያን ቀን አንሶላ ነበር፤ እጅሽን አይቼዋለሁ። እንዴት አታስታውሺም?»

«ያን ቀን የያዝኩት ፍርሃት ነው እንጂ ሌላ ምን እንደያዝኩ በምን አውቃለሁ?»

ሹክሹክታ እርሳስ አውጥቶ ማስመር ጀመረ። «ተመልከቺ፣ እትዬ። አንሶላ አራት ጊዜ ተጽፏል። ዝምታ አንድ ጊዜ፤ እሱም መጨረሻ ላይ። ይህ ሰው መጀመሪያ ያየውን ነው የሚጽፈው፣ የመሰለውን የሚያመጣው ኋላ ነው። እኛ ያየውን ትተን የመሰለውን አንጠልጥለን ሮጥን፤ ጫፉን የያዘው ጎረምሳ እንኳ ትዝ ያለው ጮኸ መባሉ ብቻ ነው። ጭራውን ይዘን በሬውን ጥለነው መጣን!» ከወንበሩ ተነስቶ ተጣራ። «መጋዘን! አንተ መጋዘን!»

መጋዘን ከመድረኩ ጀርባ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ምን አጠፋሁ?»

«ባለፈው እሑድ ቅርጫቱ ውስጥ ምን ነበር?»

መጋዘን ግራና ቀኙን አየ። «ማን ነገረብኝ?»

«ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» አለች እትዬ።

«ጋዜጣ ላይ!» ራሱን ያዘ። «በሰማይ በምድር! ጣሪያው አፍስሶ ፎጣዎቹ ሁሉ ርሰው ነበር። ሰዓት አልነበረኝም፣ ቤቴ ቅርብ ነው፣ ሮጬ ከገመድ ላይ የሚስቴን አንሶላ ነጥቄ መጣሁ። ሰኞ መልሼ ሰቀልኩት፤ እስካሁን አላወቀችም። ለአዘጋጁ ንገሩት ግድ የለም፤ ለሚስቴ ግን አደራ!»

እትዬ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ቶሎ አላቆመላትም፤ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እስክታብስ ድረስ ሳቀች። መጋዘን ግራ ተጋብቶ ወደ መጣበት ሲመለስ ሹክሹክታ አጠገቧ ተቀመጠ። አሁን ካልተናገረ መቼም አይናገርም።

«እትዬ፣ ያን ቀን ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ሦስት ቆጥሬያለሁ። እጅሽን ሳይ… አላቀበልኩሽም። ሥራዬን ረስቼ ተመልካች ሆንኩ። ሚናሽ ሊሄድ የነበረው በእኔ ነው።»

እሷ ወደ መድረኩ ዞረች።

«ተቀይሜህ ነበር» አለችው። «ልዋሽህ አልፈልግም። እሑድ ቤቴ ስገባ፣ ‹እሱም ተወኝ› ነው ያልኩት። ካንተ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ እንዲህ ብዬ ስላሰብኩ ደግሞ ራሴን ታዘብኩት። ብታቀብለኝ ኖሮ ግን ቃሉን ብቻ ነበር የምይዘው። እንኳን ዝም አልክ። ሁለተኛ ግን እንዳትለምደው!»

«አልለምደውም።»

«ማል።»

«በጃንጥላዬ!»

«አይ፣ እሱማ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብሃል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሹክሹክታ ከእትዬ ጋር ሆኖ የተሰመረበትን ጋዜጣ አዘጋጁ ፊት ዘረጋው። አዘጋጁ የመጨረሻዋን መስመር አይቶ፣ «ይህንንማ በቃሌ ይዤዋለሁ» አለ። «እንዲያውም ሰውየውን ሄጄ ልጠይቀው እያሰብኩ ነው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ እሱ ራሱ ያስረዳን።»

«የጻፈውን ሳታነብ የሚነግርህን ትሰማለህ፣ ልጄ?» አለችው እትዬ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከላይ ጀምር።»

አዘጋጁ ከላይ ጀመረ። ሲጀምር ፊቱ ላይ ትዕግሥት ማጣት ነበር። የመጀመሪያው ገቢር ረዝሟል የሚለው ጋ ሲደርስ ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ ግን አልዘለለውም። ስለ መብራቱ የተባለውን ሁለት ጊዜ አነበበ። አንሶላው ጋ ሲደርስ ዘግይቶ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሲጨርስ ሰዓቱን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ሰደበን ብዬ ነበር እኮ» አለ። «ከዚያ ደግሞ አሞገሰን ብዬ ጨፈርኩ። ሰውየው ሁለቱንም አላደረገም። የጠፋብንን ዕቃ መንገድ ላይ አግኝቶ፣ ‹የእናንተ ነው፣ እንካችሁ› ነው ያለን። እኛ ዕቃውን ትተን መጠቅለያውን ይዘን ገባን።» ከዚያ ቀና አለ። «አንሶላው የት ነው?»

አንሶላው የነበረበት ቦታ ቀላል አልነበረም። የመጋዘን ሚስት በር ላይ ቆማ፣ እጇን አጣምራ፣ አዘጋጁን፣ እትዬን፣ ሹክሹክታንና መጋዘንን አየቻቸው፤ ባሏ ከሁሉም ኋላ ነበር።

«ለካ ለዚህ ነው አልጋዬ አቧራ አቧራ ሲለኝ የሰነበተው!» አለች። «ያ አንሶላ እኮ ለሠርጌ የተሰጠኝ ነው። ሃያ ዓመት እንደ ዓይኔ ብሌን ይዤዋለሁ።»

«እመቤቴ፣» አለ አዘጋጁ፣ «ጋዜጣ ላይ አራት ጊዜ የተጠቀሰው እሱ ነው።»

«የኔ አንሶላ?» ፊቷ ተለወጠ። «በቀለሙ ነው የተጠቀሰው?»

ቀለሙ አልተጠቀሰም። ቢሆንም ሰጠቻቸው፤ ግን በአንድ ቃል ኪዳን፦ እሑድ እሷም ትመጣለች፣ ከፊት ትቀመጣለች፣ አንሶላዋንም ዓይኗ ሥር ታደርጋለች።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ሥራ አስኪያጁ ከእንግዶቹ ጋር መሀል ላይ ተቀምጧል፤ የመጋዘን ሚስት ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን አስግጋለች። ሰባተኛው ረድፍ ዳር ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ ሐያሲው አልመጣም። አዘጋጁ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት ከሹክሹክታ ወንበር ጀርባ መጥቶ ቆመ። ትንፋሹ ሹክሹክታ ማጅራት ላይ ይሞቃል።

ሁለተኛው ገቢር ደረሰ። «አባቴ ሲሞት ስሜን ጠርቶ ነበር?»

እትዬ አልመለሰችም። አንሶላውን ዘረጋች፤ መሬት ነካባት። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ሳታየው ጫፉን ለልጇ ዘረጋች። ጎረምሳው ተቀበለ፤ ተቀብሎም አንዴ አራገፈው፣ ጫፍና ጫፉን አገጣጠመ፣ ልክ እንደ ሆቴል ሠራተኛ እጥፍ አደረገው!

ሹክሹክታ ዓይኑን ጨፈነ። ይህ ሞኝ ሒሱን አንብቦ ቤቱ ሲለማመድ አድሯል። የተመሰገነውን ነገር አሳምሮ ሊሠራው ብሎ ገደለው።

እትዬ ግን አርባ ዓመት በከንቱ አልቆመችም። ያጠፈውን አየች፣ ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደችው፣ በተነችው፣ ሌላውን ጫፍ መልሳ ሰጠችው። ልክ እናት ልጇ በተሳሳተ መንገድ ያጠፈውን እንደምትበትን። ጎረምሳው ይህን አላጠናም። አሁን በእውነት ግራ ገባው። ሳበ፤ እሷ ለቀቀች፤ ለቀቀ፤ እሷ ሳበች። ከአዳራሹ ትንሽ ሳቅ ተሰማ፣ ወዲያው ጠፋ። አንሶላው አጠረ። ጎረምሳው እጇን ሲነካ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ነገር ፊቱ ላይ ነበር፤ ሲናገርም ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮኸም። «እማ፣ ጠርቶኝ ነበር?» አለ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ጽሑፉ ላይ የለም።

«ጠርቶህ ነበር» አለች። «ሦስት ጊዜ ጠርቶህ ነበር። የመጀመሪያውን እኔ ብቻ ሰማሁ። ሁለተኛውን…»

ጠፋባት።

ሹክሹክታ አወቀ። ይህ ትንፋሽም አይደለም፣ ማሰብም አይደለም። አዘጋጁ ከጀርባው ቆሟል፣ የሰጠው ማስጠንቀቂያ አልተሻረም፣ የሚሰማውን ሁሉ ይሰማል። ሹክሹክታ ሁለት እስኪል አልጠበቀም።

«ጎረቤት ሰማ» አላት።

«…ሁለተኛውን ጎረቤት ሰማ» አለች እትዬ፣ የተዘረጋላትን እንደሚቀበል ሰው ሳትዞር ተቀብላ። ቀጠለች፣ እስከ መጨረሻው ሄደች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ስለ አንሶላዋ ረስታ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ።

መጋረጃው ተዘጋ። ጭብጨባው ከውጭ እንደ ዝናብ ይወርዳል። እትዬ ወደ ጥጉ መጣች፣ አዘጋጁ ፊት ቆመች።

«ጠፍቶብኝ ነበር» አለችው። «ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

አዘጋጁ ሹክሹክታን «ተነስ» አለው። ሹክሹክታ ተነሳ። አዘጋጁ ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘና ወለሉን እየጫረ ወደ መድረኩ ጎተተው፤ መጋረጃው ጠርዝ ድረስ፣ እትዬ ከምትቆምበት አራት እርምጃ ላይ አቆመው። አምፖሉንም ነቅሎ አመጣለት።

«አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ጥግ ውስጥ ሆነህ ነው ስትናገር የኖርከው?» አለው እየተቆጣ። «ማን ይሰማሃል? ከዛሬ ጀምሮ ቦታህ እዚህ ነው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ፤ ቁጣው ድምፁ ላይ ሲለሳለስ ተሰማ። «የእርስዎም ቦታ እዚያ ነው፣ እትዬ። ተውኔቱ መድረክ ላይ እስካለ ድረስ። ቃሉ ሲጠፋ ይጥፋ፤ የሚያቀብል አለ። ያን የመሰለ እጅ ግን የሚያቀብለኝ የለም።»

እትዬ የምትለው ጠፋባት። በዚህኛው ግን ሹክሹክታ ሊያቀብላት አልቻለም፤ ይህ ጽሑፉ ላይ የለም።

በማግስቱ፣ ሰኞ ከቀትር በፊት፣ እትዬ ቤቷ ጠራችው። ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክርቢቶ አዘጋጅታለች። መነጽሯን አድርጋለች፤ ግን የምትጽፈው እሷ አይደለችም።

«ጻፍ» አለችው። «ይድረስ ለሰባተኛው ረድፍ። አይ፣ እንደሱ አይባልም። ለተከበሩ ሐያሲ በል። ‹ያዩልኝን ስላዩልኝ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ግን ዝም ያልኩት ቃል ጠፍቶኝ ነው።›»

ሹክሹክታ እስክርቢቶውን አቆመ። «እትዬ፣ ይህን ጋዜጣ ላይ ቢያወጣውስ?»

«ያውጣው። እሱ ያየውን ሳይደብቅ ጻፈ፤ ያላየውን እኔ ደብቄ ላመሰግነው ነው? ጻፍ።»

ጻፈ።

«‹ቃሉ ጠፍቶኝ እጄ ያደረገውን እኔ አላየሁትም ነበር። እርስዎ ባይጽፉት ኖሮ ጠፍቶ ይቀር ነበር። አሁን አገኘሁት። አንሶላው የቴአትር ቤቱ አይደለም፤ የዕቃ ኃላፊያችን ባለቤት ለሠርጓ የተሰጣት ነው። ቀለሙ ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ነው፤ እንዲጠቀስላት ትፈልጋለች። የመጀመሪያው ገቢር ረዝሟል ያሉትም ልክ ነው፤ አዘጋጁ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አሥር ደቂቃ ሊያሳጥረው ነው። መብራቱንም እያየነው ነው።›» አሰበች። «‹ልጁ ግን ትናንት ሁለተኛው ገቢር ላይ ብቻ ነው ያልጮኸው። በሌላው ላይ እየመከርነው ስለሆነ ጥቂት ይታገሡን።›»

ሹክሹክታ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስመሪያውን ከሥር እያደረገ አነበበላት። አንድም ቃል አልቀየረችም። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ፈረመች፣ ከዚያም እስክርቢቶውን ለእሱ ዘረጋችለት።

«አንተም ፈርም እንጂ» አለችው። «ብቻዬን ነው እንዴ የሠራሁት?»